የተረፈ ወንበር

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የሰው ኃይል ክፍሉ አዲስ መታወቂያ ሰጠኝ። ከስሜ በታች «ጡረተኛ» የሚል ቃል ታትሞበታል። ካርዱን የሰጠኝ ልጅ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ «ጋሼ፣ ነፃ ትኬትዎ እንዳለ ነው፤ እርስዎም እናትዎም መብረር ትችላላችሁ» አለኝ። «ወንበር ከተረፈ» አልኩት። «አዎ፣ ከተረፈ» አለ። ያቺን ቃል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው ስናገር ኖሬ ሌላ ሰው ሲነግረኝ እንዴት እንደምትመር ያን ቀን አወቅሁ። ካርዱ አሁን ቢቸና እናቴ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። አልበረርኩበትም፤ አልበርበትምም።

ቢቸና ውስጥ አየር መንገድ ይሠራል ማለት አብራሪ ነው ማለት ነበር። እናቴም ጎረቤቱን አላረመችም፤ ልጇ አውሮፕላን ሲነዳ ይታያት እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን አንድም ቀን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሥራዬ መሳፈሪያው በር ላይ ቆሞ ይሄ ይገባል፣ ያ ይቀራል ማለት ነበር። ባሕር ዳር ጀመርኩ፤ አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ቆየሁ፤ ድሬዳዋ ላኩኝ፣ ሙቀቱ አባረረኝ፤ መጨረሻውን እዚያው ባሕር ዳር የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ጨረስኩት። ደመወዙ ልጅ ያሳድጋል፣ ቤት አያሠራም። ሰው የሚቀናብን በደመወዙ ሳይሆን በነፃ ትኬቱ ነበር።

የነፃ ትኬቱን ነገር ልንገራችሁ፤ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ሠራተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ እናትና አባቱ ከዋጋው ትንሿን ከፍለው ይበርራሉ። ወንድምና እህት የሉበትም። ወንበር ግን አይያዝላቸውም። ስታንድባይ ይባላል። ከፍሎ የገዛው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ የተረፈ ወንበር ካለ፣ በዝርዝሩ ተራ ይጠራሉ። ተራው የሚወጣው በሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን ነው፤ ብዙ ያገለገለ ከላይ፣ አዲስ ቅጥር ከታች፣ ጡረተኛ ከሁሉም ግርጌ። ሳይጠሩ ሠርግ ሄዶ ከድንኳኑ ደጃፍ እንደ መቆም ያለ ነገር ነው። የሚያስገባህ ሰው ዓይኑን እስኪጥልብህ ድረስ ልብስህን አሳምረህ፣ አፍህን ዘግተህ ትጠብቃለህ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዳል። እሳቸው ብቻ ከዘር ወጥተው አየር መንገድ ገቡ። ወንድሞቻቸው «ሜትሩን ጥሎ ሚዛን ያዘ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ጋሽ ሰይድ የስታንድባዩን ዝርዝር ከኮምፒዩተሩ ላይ በእርሳስ ወደ ትንሽ ደብተር ይገለብጡታል። «ኮምፒዩተሩ ስም ያውቃል፣ ሰው አያውቅም» ይላሉ። ከዚያ ለመነሻው አንድ ሰዓት ሲቀር እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው ከተቀመጠበት ያዩታል። ሻንጣው ስንት ነው፤ ጉልበት አለው ወይስ ይደገፋል፤ ልጅ ይዛለች? የጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ይመለከታሉ። መጨረሻ ላይ ሲጠራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለው፤ ማሰሪያው የተፈታበት ሰው ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቅቃል። በደብተሩ ጠርዝ ላይ ከስሙ አጠገብ «እግር» ብለው ከጻፉ፣ ያንን ሰው ከመጥራታቸው በፊት ወደ በሩ አስጠግተው ያስቀምጡታል። የራሳቸው ዘመድ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደግሞ ደብተሩን ለሌላ ሰጥተው ከኋላ ይቆማሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን አከላከላቸው ነው። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ያቺ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ጠዋት የምታነሣውን ጭነት ከሰዓት አታነሣም። ስለዚህ አምስት ወንበር ባዶ እያለ አምስት ሰው ቆሞ ይቀራል። ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ባዶ ወንበር አለ ይላሉ የገቡት» እያለ ይሟገትሃል። ሌላው ሠራተኛ በድምፅ ማጉያ ተናግሮ ወደ ጓዳ ይሸሻል። ጋሽ ሰይድ ወደ ሰውየው ሄደው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይኑን እያዩ «ዛሬ አይሄዱም» ይሉታል። ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ነው የሚናገሩት። «ምናልባት» የምትል ቃል ካፋቸው ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ እኔ አንዲትን ሴት «እስቲ ትንሽ ይጠብቁ፣ ምናልባት ይገኛል» ስላት ሰሙኝና ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ልየው፣ ትገባለች?»

«አትገባም።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፤ ክብደቱ ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥካት? ለእሷ አዝነህ እንዳይመስልህ። ፊቷን ላለማየት ነው። ለራስህ ነው ያዘንከው።»

ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ መካኒክ ልጅ ለገዛ ሠርጉ ጎንደር ሊሄድ በአባቱ ትኬት መጣ፤ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ። ዝርዝሩን አይቼ «ሦስት ቀን አለህ፣ በአውቶቡስ ሂድ» አልኩት። ተቆጣኝ። አለቃዬ ያኔ ደንበኛ አይከፋም የሚል ሰው ነበርና ትከሻውን አቅፎ «አይዞህ፣ ነገ ይገኛል» አለው። ነገም አልተገኘም፣ ከነገ ወዲያም። ሚዜዎቹ ያለ ሙሽራ በሉ፣ ያለ ሙሽራ ጨፈሩ አሉ። ልጁ ከወር በኋላ «የነገርከኝን ብሰማ ኖሮ» ብሎ ላከብኝ። በዚያ በኩል ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።

ቤት ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመዱ ሞተ አይባልም። «ትንሽ ጠና ብሎታል፣ ቶሎ ና» ይባላል። ሲደርስ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይባላል። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው ይነገራል። ደግነት ነው፤ ሰው በመንገድ ላይ ብቻውን እንዳይሰበር ነው። አባቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲያርፍ ቢቸና ለእናቴ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ጠና ብሎታል» አልኳት። አባቴ ከሞተ ግማሽ ቀን ሆኖት ነበር። አጥሚት አፍልታ፣ በፔርሙስ ይዛ፣ እንዳይፈስ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። «ተኝቷል» አልኳት። ፔርሙሱን ይዛ ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔም ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ከዚያ የዛሬዎቹ ዓመታት መጡ፤ መንገዱ ተበላሸ። በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ስልክም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ወደ አውሮፕላን ዞረ። ትኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል፤ የተረፈ ወንበር የሚባል ነገር ብርቅ ሆነ። እኛ ሠራተኞች ነፃ ትኬታችንን የምር የፈለግነው ያኔ ነበር፤ የማይሠራውም ያኔ ነው። የባልደረቦቼን እናቶች፣ የማውቃቸውን አባቶች በየቀኑ ፊት ለፊት ቆሜ «ዛሬ አይሄዱም» እላለሁ። አንዳንዶቹ ሳምንት ይመላለሳሉ። ጋሽ ሰይድ ያስተማሩኝ ሙያ ሰው ከማስከፋት በቀር ሌላ ጥቅም የሌለው መሰለኝ። ጡረታዬ ሊደርስ ወር ሲቀረው ወደ ሥራ ስሄድ እግሬ ይጎተት ጀመር።

እህቴ እናኑ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበረች። ኩላሊቷን ከታመመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ ሰኞ ባሏ አያሌው ደወለልኝ።

«ሐኪሞቹ ቀናት ነው የቀሯት አሉ። እናቷን ትጠራለች» አለ።

ትኬት ፈለግሁ። ኮቴን ሸጬም እገዛው ነበር፣ የሚሸጥ ወንበር አልነበረም። የቀረው የእኔው ስታንድባይ ነው። በጣቢያችን በአገልግሎት የሚበልጠኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ የዝርዝሩ ራስ ትሆናለች፤ አንዲት ወንበር ብቻ ብትተርፍ የእሷ ናት። እናኑ በሕይወት እያለች ከደረሰችላት የሠራሁበት ዘመን ሁሉ ለዚህ ሆነ እላለሁ ብዬ ወደ ቢቸና ደወልኩ።

«እማዬ፣ እናኑ ጠና ብሏታል፤ ቶሎ ነይ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እሺ ልጄ» አለች። ምን ሆነች፣ የት ናት፣ ሐኪም ምን አለ፤ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ ከቢቸና ተነሥታ፣ ደብረ ወርቅን አልፋ ሞጣ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ ጋሽ ሰይድ ቤት አደረች። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ተመልሰው የወንድማቸው ሱቅ ውስጥ ሜትራቸውን ይዘዋል። ራት ላይ የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

«አቶ ሰይድ፣ እርስዎ አይዋሹም ይላል ልየው» አለቻቸው። «ልጄ በሕይወት አለች?»

«እመይቴ፣ የማላውቀውን አልናገርም። ልየው ታማለች ብሎኛል። ከዚያ የበለጠ አላውቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አለች እንጂ፣ ምን ሆነው ነው» ይላት ነበር። እሳቸው የሚያውቁትን ያህል ተናገሩ። እናቴ የሰማችው ግን ሸሽተው ያለፉትን ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ባሕር ዳር ከመኪና ስትወርድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ለሞት እንደሚለበሰው። ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? እናኑ እኮ አለች።»

«እሺ።»

«በማርያም እልሻለሁ፣ አለች።»

«እሺ ልጄ» አለችና እጄን መታ መታ አደረገችኝ። እኔን ነበር የምታጽናናው።

ለከሰዓቱ በረራ ዝርዝሩን እንደ ጋሽ ሰይድ ደንብ በሩ ላይ ለምትሠራው ልጅ፣ ለሰላም ሰጥቼ ከኋላ ቆምኩ። እናቴ ከአንዲት ወጣት ሴት ጎን ተቀምጣለች። ሴትየዋ ከዝርዝሩ ሁለተኛ ናት፤ የአንዱ ሻንጣ ጫኚያችን ሚስት። ትንሽ ልጇ የፈላ ውኃ ተደፍቶባት ከአባቷ ጋር አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወስዳለች፤ እሷ ወንበር ጠፍቶ ቀርታ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያወሩ አየሁ። ደግ ነው፣ ጊዜ ያሳልፍላታል አልኩ።

ቀኑ ይፋጃል። ወንበር ሦስት ተረፈ፤ ክብደቱ ግን አንድ ሰው ብቻ ይፈቅዳል ተባለ። ሰላም የእናቴን ስም ጠራች። እናቴ አልተነሣችም። ሰላም ሄደችላት። እናቴ የሴትየዋን እጅ ይዛ «እሷ ትሂድ» አለች።

ሮጥኩ።

«እማዬ ተነሺ፤ በሩ ሊዘጋ ነው።»

«የእሷ ልጅ ነፍሷ አለች፣ ልየው። ትድረስላት።»

«እናኑም ነፍሷ አለች።»

«ሙት አይቸኩልም ልጄ። እኔ ነገም እደርሳለሁ፤ ቀብሩን ታቆዩልኛላችሁ።»

አያሌው ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ሠራ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። እናኑን አገናኘኝ አለችው። እናኑ አፏ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎላት ነበርና መናገር አትችልም። እሱ ደግሞ አሮጊቷን እንዳያስደነግጥ ድምፁን አለስልሶ «ደህና ናት እማማ፣ ተኝታለች» አላት።

እናቴ ስልኩን መለሰችልኝ።

«አባትህም ተኝቶ ነበር» አለች። ቁጣ የለባትም። እንደምታውቅ እንዳውቅላት ብቻ ነው የነገረችኝ።

ሰላም ከኋላዬ መጣች። «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ነው ያለን። ማንን ላስገባ?»

አንድ ውሸት በቂ ነበር። «ለሁለታችሁም ቦታ አለ፣ አንቺ ቅደሚ፣ እሷ ትከተልሻለች» ብላት እናቴ ተነሥታ ትገባ ነበር። ሴትየዋ መቅረቷን ስታይ በሩ ተዘግቷል። ለእናቴ ዕድሜ ልኬን የደግነት ውሸት ስዋሽ ኖሬ፣ ውሸት በምትጠቅምበት በዚያች ደቂቃ የቆምኩት በሩ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ አልዋሽም። ሌላም ነገር አለ፣ አልደብቅም። ሰው ያያል። ኃላፊው እናቱን ጎትቶ አስገብቶ የተቃጠለች ልጅ እናት አስቀረ የሚለውን ወሬ ፈራሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። እናቴ ራሷ ለቃለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«ሴትየዋን አስገቢ» አልኩ።

ሐሙስ በሁለቱም በረራ አንድ ወንበር አልተረፈም። እናቴ ፊት ቆሜ «ዛሬ አትሄጂም» አልኳት። «እሺ» አለች። አመሻሹ ላይ እናኑ አረፈች። ዓርብ ጠዋት አንዲት ወንበር ተረፈች፤ እናቴ ሄደች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ወንበር ያገኘሁት ቅዳሜ ነው። የሰውን ሁሉ ዘመድ ለቀብር ሳደርስ ኖሬ እህቴን አፈር አላለበስኩም።

ልቅሶው ቤት ስገባ እናቴ መረቀችኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስከሬኑን ለእሷ ብለን ያቆየንላት መስሏታል። «አቆያችሁልኝ፣ ለፊቷ አደረሳችሁኝ» አለች። አያሌው አየኝ፤ አየሁት። ሁለታችንም አላረምናትም፤ ለቀስተኛውም ቀኑን አላነሣባትም። ሞተች ብሎ መናገር መርዶ ይባላል፤ የዚያን ቀን አልሞተችም ነበር ብሎ መናገር ምን እንደሚባል አላውቅም። የሴትየዋ ልጅ ድናለች አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ገና ደስ አላለኝም።

ጡረታዬ ደረሰ። የመሸኛ ኬክ ቆረስን፤ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፤ አንዱ ተነሥቶ ሐቀኛ ሰው ነበር ብሎ ንግግር አደረገ። እናቴን ይዤ ቢቸና ገባሁ። እሷ የአርባውን ዝግጅት ጀመረች። ዓርብ ነው ብላ ለቄሱ ነግራለች፤ ቀኑ ጾም ስለሆነ በሽሮና በንፍሮ ይሆናል ብላ ሽንብራ ትለቅማለች። አያሌው የደወለ ጊዜ እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«እነ አያሌው አርባውን ሰኞ ነው የሚያወጡት» አልኳት፤ ሳላስብ ነው ያመለጠኝ።

«ሰኞማ አርባ ሦስት ይሆናል። ቁጥር ጠፍቶበት ነው፤ የደወልክልኝ ሰኞ አይደል?»

«ተሳስቶ ነው» ብላት ያልቅ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የሙት አርባ ነው። ቀኑ ባልሆነ ቀን ማስጸለይ እህቴን ሁለተኛ መበደል መሰለኝ። ተነሥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«እማዬ፣ እናኑ ያረፈችው ሐሙስ ነው።»

እጇ ሽንብራው ላይ ቀረ።

«ሰኞ ስትደውልልኝ?»

«ታማ ነበር።»

«ረቡዕ፣ አውሮፕላኑ ጋ?»

«በሕይወት ነበረች።»

«ነግረኸኝ ነበር» አለች።

«ነግሬሽ ነበር።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ትጠራኝ ነበር?»

«ጭምብሉን ሲያነሡላት ትጠራሽ ነበር። ረቡዕም ሐሙስም።»

«ምን አላችኋት?»

«አያሌው፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብታለች፣ እየመጣች ነው አላት።»

«አመነችው?»

«አመነችው።»

እናቴ ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለች። ከዚያ ሌላ ለቀመች።

«እንግዲያ ሂድና ለቄሱ ሰኞ ነው በላቸው» አለች። «ለምን ተለወጠ ካሉህ፣ አርጅታ ቆጠራ ተሳስታ ነው በል።»

ሄድኩ። ቄሱ ለምን ተለወጠ ብለው ጠየቁኝ። አርጅታ ቆጠራ ተሳስታ ነው አልኳቸው።